በወጣትነት የገባ ብረት በእርጅና ሲወጣ

ጤና ይስጥልኝ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

"መርዛማ ብረት" ሲባል አብዛኛው ሰው የሚታየው ፋብሪካ ነው። ጭስ፣ ጭንብል ያጠለቀ ሠራተኛ፣ ቀለሙ የተለወጠ ወንዝ። እሱም አለ። እኔ ግን አንዲት የ70 ዓመት እናት አስቡልኝ ነው የምለው። ፋብሪካ ደጃፍ ደርሰው አያውቁም። ዛሬ ደማቸው ቢመረመር ግን እርሳስ ይገኝበታል፤ ሊድ የሚባለው ብረት ማለቴ ነው። ቤታቸው ይፈተሻል፣ ምንም የለም። ውኃቸው ይመረመራል፣ ንጹሕ ነው። ታዲያ ከየት መጣ? ከገዛ አጥንታቸው።

የዛሬው ነገሬ ሁሉ ከዚህ ይነሣል። ስለ እርጅናና ስለ ብረት ስናወራ "ዛሬ ምን ነካቸው?" ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ከ40 ዓመት በፊት የገባ ብረት ዛሬ ሊወጣ ይችላል። የሚወጣው ደግሞ ሊቋቋመው የሚገባው የመከላከያ ሥርዓት በደከመበት ሰዓት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በአጥንቱ ልጀምር። ሰውነታችን እርሳስን ከካልሲየም በደንብ አይለይም። ስለዚህ አጥንት ሲገነባ እርሳሱንም አብሮ ይገነባዋል። በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላዩ የሚገኘው አጥንት ውስጥ ነው። ደም ውስጥ ያለው በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። አጥንት ውስጥ የገባው ግን አሥር፣ ሃያ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይቀመጣል።

አሁን ደግሞ ዛሬ 70 ዓመት የሞላው ሰው ወጣት የነበረበትን ዘመን አስቡ። እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን ገበያ ላይ የዋለው በ1923 ነው። በዓለም ላይ ለመኪና መሸጡ ሙሉ በሙሉ ያበቃው በ2021 ነው፤ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ነበረች። መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። በ1970ዎቹ ማብቂያ አሜሪካ ውስጥ የሕዝቡ አማካይ የደም እርሳስ መጠን በአንድ ዴሲሊትር ከ12 ማይክሮግራም በላይ ነበር። ዛሬ ከ1 በታች ነው። ቁጥሩ መውረዱ ትልቅ ድል ነው፣ አልክድም። ግን የወረደው የደሙ ቁጥር ነው። በዚያ ዘመን መኪና በሚበዛበት ከተማ የኖረ ሰው ሳያውቀው አጥንቱ ውስጥ ድርሻውን አስቀምጧል።

አጥንት ሁልጊዜ ይፈርሳል፣ ሁልጊዜ ይሠራል። በወጣትነት መሥራቱ ያመዝናል። ዕድሜ ሲገፋ ማፍረሱ ይበረታል። በሴቶች ላይ የወር አበባ በሚቆምበት ወቅትና ቀጥሎ ባሉት ዓመታት ፍጥነቱ ይጨምራል። አሜሪካ ውስጥ በተደረጉ አገር አቀፍ የጤና ጥናቶች ያረጡ ሴቶች የደም እርሳስ ካላረጡት በልጦ ተገኝቷል። የአጥንት መሳሳት፣ ከስብራት በኋላ ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ መዋል፣ የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት፣ ውጤታቸው ያው ነው። አጥንቱ ሲሳሳ እርሳሱ ወደ ደም ይመለሳል። አንድ አያት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ተኝተዋል እንበል። ሐኪሙም ቤተሰቡም የሚያስበው ስለ ስብራቱ ነው። በዚያው ሰሞን ደማቸው ውስጥ ስለሚጨምረው እርሳስ ማን ይጠይቃል?

ካድሚየም የሚባለው መርዛማ ብረት ሌላ ጠባይ አለው። እሱ የሚመርጠው ኩላሊትን ነው። ገብቶ ግማሹ እስኪወጣ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ከልጅነት ጀምሮ እየተጠራቀመ ይመጣል። ለማያጨስ ሰው ዋናው ምንጭ ምግብ ነው። ለሚያጨስ ሰው ሲጋራው ነው፤ የትንባሆ ተክል ካድሚየምን ከአፈር እየሳበ ቅጠሉ ላይ ያከማቻል። አጫሽ የሚሸከመው ካድሚየም ከማያጨሰው እጥፍ ያህል ነው። የኩላሊት የማጣራት አቅም ደግሞ ከ40 ዓመት በኋላ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል። ካድሚየም ራሱ ኩላሊቱን ሲጎዳ ነገሩ ይብሳል።

ጃፓን ውስጥ በጂንዙ ወንዝ ዳርቻ የደረሰው የዚህ ከባዱ ምሳሌ ነው። ከማዕድን ማውጫ የወጣ ካድሚየም ወንዙን በከለ፣ ወንዙ የሩዝ ማሳውን አጠጣ። ኢታይ ኢታይ በሚባለው በሽታ በብዛት የተጎዱት በዕድሜ የገፉ፣ ብዙ ልጅ የወለዱ ሴቶች ነበሩ። ኩላሊታቸው ተጎዳ። አጥንታቸው ከመሳሳቱ የተነሣ በትንሽ ነገር ይሰበር ነበር። መንግሥት የበሽታው መንስኤ ብክለት መሆኑን ያመነው በ1968 ነው። ይህን የማነሣው ለታሪኩ ብቻ አይደለም። ካድሚየም ኩላሊትን ይጎዳል፣ የኩላሊት ጉዳት አጥንትን ያሳሳል፣ የሳሳ አጥንት ደግሞ እርሳስ ይለቃል። ብረቶቹ አንዱ ለሌላው በር ይከፍታሉ። እኛ ግን አንድ በአንድ እየነጠልን ነው የምናጠናቸው።

በሜርኩሪና በአርሰኒክ ላይ አልቆይም። በዓሣ በኩል የሚገባው ሜቲል ሜርኩሪ በሁለት ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ የቅርብ ጊዜ ጉዳይ ነው። አርሰኒክ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛው በሽንት ይወጣል። (የኬሚስትሪ መምህራን ካላችሁ፣ አዎ፣ አርሰኒክ ሙሉ በሙሉ ብረት አይደለም። ለዛሬ እለፉኝ።) የአርሰኒክ ችግሩ ራሱ ሄዶ ጉዳቱ መቅረቱ ነው።

አሁን ወደ ተቀባዩ ወገን እንሂድ። ዕድሜ ሲገፋ የመከላከያ ሥርዓታችን ምን ይሆናል?

ከደረት አጥንት ጀርባ ታይመስ የሚባል ዕጢ አለ። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ነው ማለት ይቻላል። ይህ ትምህርት ቤት መዘጋት የሚጀምረው ገና በልጅነት ነው። ቀስ በቀስ ሥጋው በስብ ይተካል። እርጅና ላይ ስንደርስ አዲስ ተመራቂ የለም በሚባል ደረጃ ላይ ነን። የቀድሞዎቹ ተመራቂዎች እየተባዙ ቦታውን ይሸፍናሉ። የሚያውቁትን ጀርም በደንብ ይዋጋሉ። ፈጽሞ አዲስ ጀርም ሲመጣ ግን የሚለየው ይጠፋል። በ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ላሉ ሰዎች መጠኑ ከፍ ያለ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የተዘጋጀው ለዚህ ነው። የተለመደው መጠን በዚያ ዕድሜ በቂ ምላሽ አይቀሰቅስም። አልማዝ ባለጭራም የዚሁ ምልክት ነው። በልጅነት ኩፍኝ መሰል ሽፍታ አውጥቶ ነርቭ ውስጥ የተኛ ቫይረስ፣ ጠባቂው ሲደክም ይነሣል።

ይህ ግማሹ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ሁለተኛው ግማሽ አለ። ያረጀ መከላከያ ደካማ ብቻ አይደለም፤ ቁጡም ነው። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ክላውዲዮ ፍራንቼስኪ በ2000 ይህንን "ኢንፍላሜጂንግ" ብሎ ሰየመው። ጀርም ሳይኖር፣ ቁስል ሳይኖር፣ ሰውነት ውስጥ ዝቅ ያለ ብግነት ሳያቋርጥ ይኖራል። እንደ ኢንተርሉኪን 6 ያሉ የብግነት መልእክተኞች ደም ውስጥ ከፍ ብለው ይቆያሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ መከፋፈል አቁመው አንሞትም ያሉ ያረጁ ሴሎች ናቸው። ሥራ የላቸውም፣ ግን ዝም አይሉም፤ ዙሪያቸውን የሚያስቆጣ ኬሚካል ይረጫሉ።

እንግዲህ ብረቱ የሚደርሰው እዚህ ሰውነት ላይ ነው።

በ1966 የታተመ አንድ ሙከራ አለ። የሠሩት ሃንስ ሴልዬና የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ሴልዬን ስለ ጭንቀት ባደረገው ምርምር ታውቁት ይሆናል። አይጦችን አንድ ጊዜ እርሳስ ወጓቸው። ቀጥሎ ኢንዶቶክሲን የሚባለውን የባክቴሪያ ቅርፊት መርዝ ሰጧቸው። አይጥ ይህን መርዝ በተፈጥሮው በደንብ ይቋቋማል። እርሳስ የተወጉት ግን ወደ 100,000 እጥፍ ያነሰ መጠን ይጎዳቸው ጀመር። አንድ መቶ ሺህ እጥፍ! መጠኑ ከፍተኛ ነው፣ በደም ሥር የተሰጠ ነው፣ ሰው እንዲህ አይጋለጥም። ይሁን። ግን የሙከራው ቁም ነገር ሌላ ነው። አይጦቹን የጎዳቸው እርሳሱ ብቻውን አይደለም፣ ባክቴሪያውም ብቻውን አይደለም። የራሳቸው መከላከያ ለባክቴሪያው የሰጠው ምላሽ ከቁጥጥር ወጣ። በኋላ የተሠሩ ጥናቶችም እርሳስ ማክሮፋጅ የሚባሉትን ሴሎች ብግነት ቀስቃሽ መልእክተኛ አብዝተው፣ ጀርም ገዳይ ኬሚካል ግን ቀንሰው እንዲያመርቱ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ጩኸቱ ይበዛል፣ ሥራው ያንሳል። እስቲ ይህን ቀድሞውንም ብግነቱ ከፍ ባለ የ75 ዓመት ሰው ላይ ደርቡት።

እርሳስ የቲ ሴሎችን ሚዛንም ያዛባል። ሴል ውስጥ የተደበቁ ጀርሞችን የሚዋጋውን ክንፍ ያዳክማል። ከአለርጂ ጋር የሚያያዘውን ክንፍ ያበረታል። ይህ በላብራቶሪ እንስሳት ላይ ደጋግሞ ታይቷል። ቲቢን፣ ቫይረስን የሚመክተው የተዳከመው ክንፍ ነው። በእርጅና ምክንያት ቀድሞ የሳሳውም እሱው ነው።

ዚንክ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለኔ የዚህ ርዕስ ልቡ እዚህ ጋ ነው።

ሰውነት ካድሚየም ሲገባበት ሜታሎታዮኒን የሚባል ፕሮቲን ያመርታል። ፕሮቲኑ ብረቱን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል፣ እንዳይጎዳ ያደርጋል። ግሩም መከላከያ ነው። ነገር ግን ይኸው ፕሮቲን ዚንክንም ይይዛል፤ የዕለት ተዕለት ሥራው እሱ ነው። በወጣት ሰውነት ፕሮቲኑ ዚንኩን ይይዛል፣ ሲፈለግ ይለቃል። የማያቋርጥ ብግነት ባለበት ያረጀ ሰውነት ግን መጠኑ ከፍ ብሎ ይቀራል፣ የያዘውን ዚንክም እንደ ድሮው አይለቅም። ታይመስ የሚያመነጨው ታይሙሊን የሚባል ሆርሞን ደግሞ ያለ ዚንክ አይሠራም። ቲ ሴሎችም ዚንክ ይፈልጋሉ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከምግብ የሚያገኙት ዚንክም ብዙ ጊዜ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ካድሚየም ሲጨመር ሰውነት በሁለት መንገድ ይከስራል። ራሱን ከመርዙ ለመጠበቅ ሲል መከላከያው የሚሠራበትን ዚንክ ያስራል። በወጣትነት ያዳነው ዘዴ በእርጅና ዋጋ ያስከፍለዋል።

ግሉታታዮንም ተመሳሳይ ዕጣ አለው። ሴሎቻችን ከኦክሲዴሽን ጉዳት የሚጠበቁበት ነገር ነው። ሜርኩሪ፣ ካድሚየም፣ አርሰኒክ ሰልፈር ያለበትን ነገር ስለሚወዱ ይጣበቁበታል፣ ይጨርሱታል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ምርቱ ይቀንሳል።

"ይህ ሁሉ አይጥና ላብራቶሪ ነው፣ ሰው ላይ ምን ታየ?" ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ቺሊ ውስጥ አንቶፋጋስታ የምትባል በረሃማ ከተማ አለች። በ1958 የመጠጥ ውኃዋን ከአዲስ ወንዝ መሳብ ጀመረች። ውኃው በሊትር ከ800 ማይክሮግራም በላይ አርሰኒክ ነበረው። የዓለም ጤና ድርጅት የዛሬ መመሪያ 10 ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማጣሪያ ተተከለ፣ አርሰኒኩ በአንድ ጊዜ ወረደ። ይህ ለሳይንስ ያልተለመደ አጋጣሚ ነው። መቼ እንደገባና መቼ እንደወጣ ይታወቃል፣ ውኃውን የጠጣው ሕዝብም ይታወቃል። ከዚያ ምን ሆነ? የሳንባና የፊኛ ካንሰር ሞት ከፍ ያለው ውኃው ከጸዳ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። በ2011 የወጣ ጥናት ደግሞ በአካባቢው ወንዶች ላይ በሳንባ ቲቢ የሞት መጠን ከፍ ብሎ መገኘቱን ዘገበ። ቲቢ አብዛኛውን ጊዜ ተይዞ የሚኖር በሽታ ነው። የሚያስረው መከላከያችን ነው። እስሩ ሲላላ ይወጣል።

ሌላው ካድሚየም ነው። በ2020 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 45ና ከዚያ በላይ የሆኑ አሜሪካውያንን ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። ሰውነታቸው ውስጥ ካድሚየም የበዛባቸው ሰዎች በኢንፍሉዌንዛና በሳንባ ምች የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። "ሲጋራው ነዋ!" እንዳትሉ፣ ጨርሶ አጭሰው የማያውቁት ላይም ታይቷል። እንዲህ ያለ ጥናት ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም። እኔ ግን ከላይ ካልኩት የዚንክ ነገር ጋር ሳገጣጥመው ቀላል አድርጌ ማለፍ አልችልም።

መከላከያው በገዛ ሰውነት ላይ ሲዞርስ? ዕድሜ ሲገፋ የራስን ሴል የሚነኩ አንቲቦዲዎች በጤነኛ ሰው ደም ውስጥም ይበዛሉ። ሜርኩሪ ደግሞ ተጋላጭ ዘር ባላቸው አይጦች ላይ ይህንኑ በግልጽ ይቀሰቅሳል። ቤሪሊየም የሚባለው ብረት ሳንባ ላይ የሚያመጣው በሽታም ሙሉ በሙሉ የመከላከያ በሽታ ነው። አንድ ሠራተኛ አቧራውን በ30 ዓመቱ ተንፍሶ ሕመሙ ጡረታ ከወጣ በኋላ ሊጀምረው ይችላል። ያኔ ሐኪሙ "ምን ይሠሩ ነበር?" ብሎ ካልጠየቀ ነገሩ ያው "የሳንባ በሽታ" ተብሎ ያልፋል።

ይህ ወደ ቅሬታዬ ያመጣኛል። በሥራ ቦታ ለብረት የሚወጡ ገደቦች የሚታሰቡት በሥራ ዕድሜ ላይ ያለን፣ በቀን ስምንት ሰዓት የሚሠራን ሰው ይዞ ነው። ለሕፃናት የተለየ ትኩረት አለ፤ መኖርም አለበት። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2021 የሕፃናትን የደም እርሳስ የማንቂያ ቁጥር በዴሲሊትር ወደ 3.5 ማይክሮግራም አውርዷል። ለአረጋውያን ግን እነሱን አስቦ ለብቻ የወጣ ቁጥር የለም። ላብራቶሪ ውስጥ የሚሞከርባቸው አይጦችም አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ያረጀ አይጥ ማግኘት ማለት አይጥ ሁለት ዓመት መቀለብ ማለት ነው፣ ውድ ነው። ስለዚህ በጣም የሚጎዳውን ቡድን ትተን በጣም የሚቋቋመውን እናጠናለን። ይህ መቀየር አለበት ባይ ነኝ።

እስከዚያው ምን ይደረግ? አጥንትን መጠበቅ የመጀመሪያው ነው። እንቅስቃሴ፣ በቂ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ፣ የአጥንት መሳሳት ካለ ሕክምናውን መከታተል። አጥንት ካልፈረሰ እርሳሱ ካለበት አይነሣም። ሲጋራ በ70 ዓመትም ቢሆን ማቆም ያዋጣል፤ ቢያንስ አዲስ ካድሚየም አይገባም። ለደም የሚያስፈልገው ብረት (አይረን) ያነሰበት ሰው ካድሚየምን ከምግብ አብዝቶ ስለሚወስድ፣ ደም ማነስን "የዕድሜ ነው" ብሎ መተው አያዋጣም። ዚንክ እንክብል ገዝታችሁ በብዛት እንዳትውጡ ደግሞ አደራ። ሲበዛ መዳብን ያሳጣል፣ መከላከያውንም መልሶ ይጎዳል። ክትባታችሁን በሰዓቱ ውሰዱ። ሐኪም ጋ ስትሄዱም ሳትጠየቁ ተናገሩ፦ ባትሪ ቤት ሠርቻለሁ፣ ብየዳ ሠርቻለሁ፣ ቀለም ቀቢ ነበርኩ። 40 ዓመት አልፎታል ብላችሁ አትተዉት።

ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች መካከል አንዱን እዚህ ላስፍረው፣ ሦስት ሰዎች በተለያየ አነጋገር ስለጠየቁኝ። "ብረቱን ከሰውነት የሚያጥብ መድኃኒት አለ ይባላል። ለምን እሱን አንወስድም?"

አለ፣ ኪሌሽን ይባላል። በእርሳስ ክፉኛ ለተመረዘ ሰው፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሕይወት ያድናል። ለጤነኛ አዛውንት እንደ "ማጽጃ" መሸጡ ሌላ ነገር ነው። በ2024 ውጤቱ የወጣ ትልቅ ሙከራ ነበር። ዕድሜያቸው 50ና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ የስኳር በሽታ ላለባቸውና ቀደም ሲል ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ለደረሰባቸው ሰዎች ኢዲቲኤ የሚባለው መድኃኒት በደም ሥር ተሰጠ። የደማቸው እርሳስ ከግማሽ በላይ ወረደ። የልብ ችግራቸው ግን መድኃኒቱን ካላገኙት አልተሻለም። ደሙ ሲጸዳ አጥንቱ መልሶ ይሞላዋል፤ የደረሰው ጉዳትም ታጥቦ አይሄድም። ደግሞ ኢዲቲኤ እርሳስን ብቻ መርጦ አይወስድም። ዚንክንም ይዞ ይወጣል። አንደኛው የኢዲቲኤ ዓይነት በግዴለሽነት ሲሰጥ የደም ካልሲየምን በድንገት አውርዶ ሰው ገድሏል። ስለዚህ መልሴ፦ ሐኪም ለይቶ ካላዘዘላችሁ በቀር አትንኩት።